ለምስጥ ዋስትና መክፈል ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. 2023፣ ማርች ወር ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አትላንታ መጥታለች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሞቅ ያለ ፀሐይ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የጾሙን ምሳ ላቀርብ ስል ትንሿ ልጄ እናቴ ከምታርፍበት ክፍል ጮኸች። «እማዬ! የሚበር ጉንዳን!»

ሮጬ ገባሁ። የመስኮቱ መስታወት በጥቁር ክንፋም ነፍሳት ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ደግሞ የረገፈ ክንፍ ተከምሯል። ስንቱን ነገር «እንደ አሸን ፈላ» ስል ኖሬያለሁ፤ አሸን በገዛ ቤቴ ውስጥ ሲፈላ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንዱን በጣቷ አነሳች። በወጣትነቷ አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ወለጋ፣ ነጆ ኖረዋል። የዚያ አገር ሰው ደግሞ ምስጥን በደንብ ያውቃል። «ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው። ይሄ ወገብ የለውም። አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። ምስጥ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ አንጓ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ እያንኳኳች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። የመስኮቱን መቃን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ገባ። ከውስጥ እንጨት አልነበረም።

«አትጨነቂ እማዬ፣ ዋስትና አለን። በየዓመቱ እንከፍላለን» አልኳት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

የከፈልንበት ወረቀት

ቤቱን የገዛነው በ2018 ነው። በጆርጂያ ቤት የገዛችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከፊርማው ወረቀቶች መካከል «ተርማይት ቦንድ» የሚባል አለ። አንድ የፀረ ተባይ ድርጅት ቤታችሁን ከምስጥ ለመጠበቅ የሚገባው ውል ነው። የቀድሞው ባለቤት ውል ወደ እኛ ዞረና በየዓመቱ 295 ዶላር እየከፈልን አደስነው። ባለቤቴም እኔም አንድም ቀን ገልጠን አላነበብነውም። «ዋስትና» የሚለው ቃል ስለ እኛ ያነበበልን መስሎን ነበር።

በማግስቱ የድርጅቱ ሰው መጣ። በቅን ልቦና ነው የሠራው። በቤቱ ዙሪያ መሠረቱን ተከትሎ ቦይ ቆፍሮ መድኃኒት አፈሰሰ፤ የበረንዳውን ሲሚንቶም በስቶ ጨመረበት። አንድ ሳንቲም አልጠየቀንም። ሊወጣ ሲል «የተበላውን እንጨት መቼ ትቀይሩልናላችሁ?» አልኩት። ውሉን አውጥቶ አንድ መስመር በጣቱ አሳየኝ። የእኛ ውል የሚሸፍነው ምስጥ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና መድኃኒት ማድረግን ብቻ ነው። ጥገናው የባለቤቱ ነው።

ወዲያው ለቤት ኢንሹራንሳችን ደወልኩ። እዚያም መልሱ አጭር ነበር። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የምስጥ ጉዳትን አይከፍልም። ኢንሹራንስ የሚክሰው እንደ እሳት፣ እንደ ዐውሎ ነፋስ ያለውን ድንገተኛ ነገር ነው፤ ምስጥ ግን ቀስ እያለ የሚበላ፣ ባለቤቱ በክትትል ሊከላከለው የሚችል ጉዳት ተደርጎ ይቆጠራል።

አናጢው ጂፕሰሙን ሲያነሳ ከመስኮቱ ሥር ያሉት ቋሚዎችና መሠረቱ ላይ የተጋደመው እንጨት ውስጥ ለውስጥ ተቦርቡረው ነበር። ሂሳቡ 6,800 ዶላር መጣ። ያ ገንዘብ በዚያ ክረምት አራታችንም ወደ አገር ቤት የምንሄድበት ነበር። ልጆቼ የአያታቸውን ቤት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ነበር። አላዩም።

የባለቤቴ ሂሳብና የእኔ ሂሳብ

ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። «295 ዶላር በዓመት። ምንም ሳንከፍል ብናስቀምጠው በ23 ዓመት ይሄን ጥገና ራሳችን እንከፍለዋለን። ምስጥ የማይመጣበት ቤት ደግሞ ብዙ ነው። ይሰረዝ!» አለ።

እውነት አለው። ግን ሂሳቡ ሁለት ነገር ረስቷል። የመጀመሪያው የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። ሌላ ድርጅት ጠይቄ ውል ለሌለው ሰው ያንኑ ሥራ በ1,400 ዶላር እንደሚሠራ ነገረኝ። እኛ በአምስት ዓመት የከፈልነው 1,475 ነው። ስለዚህ ያ የረገምነው ወረቀት የከፈልነውን ያህል መልሷል፤ ያልሰጠን ያልገዛነውን ነው። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ምስጥ 23 ዓመት እስክናጠራቅም አይጠብቅም። እኛን በአምስተኛው ዓመት ነው የጎበኘን።

ከዚያ የእኔን ሂሳብ አቀረብኩ። ጥገናንም ጭምር የሚሸፍን ውል በዓመት 425 ዶላር ነው የተጠየቅነው፤ ልዩነቱ 130 ዶላር። በ130 ዶላር 6,800 ለመሙላት 52 ዓመት ይፈጃል። በዚያ ቤት 52 ዓመት እንኖራለን ብለን አናስብም።

ሁለታችንም ዝም አልን። በመጨረሻ የጠየቅነው ጥያቄ ከሂሳቡ የተለየ ነበር፦ ነገ ጠዋት ሰባት ሺህ ዶላር ከኪሳችን ቢወጣ ምን ይጎድልብናል? እኛ ቤት የሚጎድለውን አይተነዋል። እናንተ ቤት ያ ገንዘብ ወጥቶ ምንም የማይናጋ ከሆነ የባለቤቴ መንገድ ሞኝነት አይደለም፤ ግን ገንዘቡን በእውነት አስቀምጡት፤ ቤቱንም ራሳችሁ ተመልከቱት።

አካባቢያችሁ ይወስናል

ሁሉም ሰው እኩል አያስፈልገውም። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የምስጥ ስጋትን በካርታ ከፋፍሎ ያሳያል። ጆርጂያ፣ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና እጅግ ከባድ በሚለው ክፍል ናቸው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከዚያ ዝቅ ይላሉ፤ ግን ስጋቱ አለ። ሚኒሶታ ያላችሁ ብርዱ ቢያስመርራችሁም በዚህ በኩል ታደላችሁ፣ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ቤት የምትከራዩ ከሆነ ጉዳዩ የአከራዩ ነው። ኮንዶ ያላችሁ ደግሞ የሕንፃው አካል በአብዛኛው የማኅበሩ ኃላፊነት ስለሆነ መጀመሪያ ማኅበሩን ጠይቁ።

የቤቱ አሠራርም ይቆጠራል። ከወለሉ ሥር «ክሮል ስፔስ» የሚሉት እርጥብ ባዶ ቦታ ያለው፣ እንጨቱ አፈር የሚነካ፣ አሸንዳው ውኃውን መሠረቱ ሥር የሚያፈስ ቤት ምስጥን በራሱ እጅ ይጋብዛል። የእኛን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአበባው መደብ ውበት ብዬ የእንጨት ፍቅፋቂውን ግድግዳው ድረስ ቆልዬው ነበር። ተቆጣጣሪው ባለፈው ኦክቶበር ሲመጣ ያንን ጥግ ከውጭ ፍቅፋቂው፣ ከውስጥ የእኛ ካርቶኖች ጋርደውበታል። በሪፖርቱ ላይ «ማየት አልተቻለም» ብሎ ጽፏል። እሱንም አላነበብንም።

ከመፈረማችሁ በፊት

በዚያ ሳምንት ከሦስት ድርጅቶች ውል አምጥተን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ነበር። እኛ የጠየቅናቸውን እናንተም ጠይቁ። ውሉ ድጋሚ መድኃኒት ብቻ ነው ወይስ ጥገናም ይጨምራል? ጥገና ከሆነ የክፍያው ጣሪያ ስንት ነው? ፎርሞሳን የሚባለውን በብዛቱና በፍጥነቱ የሚታወቀውን የምስጥ ዓይነት ይሸፍናል ወይስ ያገልላል? ከውሉ በፊት የነበረ ጉዳትን እንዴት ይለየዋል? ዴክ ብንሠራ ወይም መሠረቱ አጠገብ ብንቆፍር ውሉ ይፈርሳል? ቤቱን ብንሸጥ ለገዢው ይተላለፋል? ዋጋው በየዓመቱ ምን ያህል ሊጨምር ይችላል?

የዘዴው ነገርም አለ። አንዱ መንገድ መሠረቱ ዙሪያ አፈር ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ነው። ሌላው በየሦስት ሜትሩ ገደማ መሬት ውስጥ የሚቀበር ማጥመጃ ነው፤ ምስጦቹ የበሉትን መድኃኒት ለጓደኞቻቸው ያደርሱታል። ሁለቱም ይሠራሉ። ማጥመጃው ግን ዓመቱን ሙሉ መታየት ስላለበት ውሉ ሲቋረጥ ጥበቃውም ይቋረጣል። የድርጅቱ ፈቃድ በጆርጂያ የግብርና መሥሪያ ቤት ስለሚሰጥ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ አጣሩ። በመጨረሻም ሻጩ በቃል የነገራችሁን በወረቀቱ ላይ ፈልጉት። ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም።

እኛ 425 ዶላሩን መረጥን። ድርጅቱ ጥገናው መጠናቀቁን አይቶ፣ ቤቱን እንደገና መርምሮ ተቀበለን። ፍቅፋቂውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩት፤ ባለቤቴ አሸንዳውን አስረዘመው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ አሁን ባትሪ ይዤ አብሬው እዞራለሁ፤ ሪፖርቱንም እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ።

እናንተም ቤት ድንገት አሸኑ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ክንፍ ያላቸው እንጨት አይበሉም። ከሱቅ በገዛችሁት መርጫ አትረባረቡበት፤ የሚገድለው የሚታዩትን ብቻ ነው። በቫኪዩም ሰብስቧቸው፣ ጥቂቱን በላስቲክ ከረጢት አስቀምጡና ለባለሙያ አሳዩ። ከዚያ ካቻቪቴ ይዛችሁ አካባቢውን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጉ። መሠረቱ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው።

እናቴ ከመሄዷ በፊት ነጆ እያሉ የአጥሩን ቋሚዎች ሥር በተቃጠለ ዘይት ይቀቡት እንደነበር አጫወተችኝ። «ያም ሆኖ አባትሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዱላ ይዞ ይዞር ነበር። የአፈሩን መስመር ባየ ቁጥር ይፍቀዋል» አለች።

የአገር ቤቱን ጉዞ በሚቀጥለው ዓመት ሄድን። አሁንም ማርች በገባ ቁጥር ትደውላለች። ስለ ልጆቹ ጠይቃ፣ ስለ ጤናችን ጠይቃ ስታበቃ፣ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች።

«ግድግዳውን አንኳኳሽው?»