ሮቦቱን የሠራው ማን ነው?

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋተኛው እኔው ነኝና።

ጎንደር ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆችን ኤሌክትሮኒክስና ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ተማሪዎች ይዤ ለአንድ የሮቦት ውድድር ተዘጋጀን። ሁለቱ ከደባርቅና ከዳባት መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከቤተሰብ የተላከላቸውን ስንቅ መናኸሪያ ተቀብለው፣ በሶውን እንደያዙ ወደ ልምምድ ይመጣሉ።

ውድድሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነጭ ወለል ላይ ጥቁር መስመር ተሠምሯል፤ ሮቦቱ የሰው እጅ ሳይነካው መስመሩን ተከትሎ መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት። ከሆዱ ሥር ያሉት ሴንሰሮች ለዓይን የማይታይ ብርሃን ወለሉ ላይ ይለቃሉ። ነጩ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ይውጠዋል። አርዱይኖ የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ የተመለሰውን ብርሃን ወደ ቁጥር ትቀይራለች። የቀረው ሥራ የነጭና የጥቁር ድንበር የትኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ መወሰን ነው።

ልጆቹ አካሉን ከጄሪካን ቆርጠው ሠሩት። ሞተሩና ጎማው ከተሰባበረ የመጫወቻ መኪና የመጣ ነው። መብራት ሲጠፋ መበየጃው ስለሚቀዘቅዝ፣ በስልክ ብርሃን ኮዱን ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር። ሮቦታቸው አንድ የማልወደው ጠባይ ነበረው፦ ሲነሣ ወዲያው አይሄድም፤ አምስት ሰከንድ ያህል ባለበት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ሌሊት ልጆቹን "ሂዱና ተኙ፣ እኔ ላስተካክለው" አልኳቸው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ጻፍኩት። ያቺን መወዛወዝ ጊዜ የምታባክን መስላኝ አጠፋኋት። የነጭና የጥቁሩን ድንበርም አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠሁት። በአምፖሉ ብርሃን ሞከርኩት፤ እንደ ጥይት ሄደ። ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ በትልልቅ መስኮቶች ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሮቦታችን ፀሐይዋ ውስጥ ተነሥቶ ወዲያው መስመሩን ስቶ ግድግዳ ገጨ። ሁለተኛም ሞከርን፣ ያው ነው። ዳኛው "ቁጥሩ ኮዱ ውስጥ የት ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። አምስቱም ዞረው እኔን አዩ።

ስንወጣ የደባርቋ ልጅ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ያቺ መወዛወዟ እኮ ለዚህ ነበረች" አለችኝ። ሮቦቱ ግራና ቀኝ ሲል መስመሩንም ነጩንም ያያል፤ በዚያ ሰዓት ባለው ብርሃን ድንበሩን ራሱ ይለካል። ልጆቹ የሠሩት ሮቦት ፀሐይንም ጥላንም አስቦ ነበር። እኔ የሠራሁት የሚያውቀው የአንድ ክፍል አምፖል ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይመስለኝም። ልጆች በሠሩት ሥራ ዋንጫ የምንፈልገው ትልልቆቹ ነን። ዋንጫው ቢሮ ይደረደራል፣ ፎቶው ይለጠፋል፤ ልጁ የሚይዘው ግን እሱ የማያውቀውን ማሽን ነው። ታሪካችንም ይህን ያስታውሰናል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ፣ ሙያውን እንዲማሩ የአገሩን ወጣቶች መድበው ነበር። የመድፉን ክብደት፣ 70 ኩንታል ያህል መሆኑን፣ ሁላችን እናወራለን። የወጣቶቹን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ሙያው ግን አልተከተለንም።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ከ150 በላይ አገራት ወጣቶች በሮቦት ሲወዳደሩ፣ ለሁሉም የተሰጠው አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ነበር። ሥራው ንጹሕና የተበከለ ውኃን የሚወክሉ ኳሶችን መለየት ነው። ከአንድ ዓይነት ሣጥን ግን ብዙ ዓይነት ሮቦት ወጣ። ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ጭንቅላት ነው። አሠልጣኙ ያንን ከነጠቃቸው የሚቀረው ሣጥኑ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ተለወጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድ ሲዘጋ ስንቅም ልጅም መምጣት አቃተው። ስለ ውድድር የሚያወራ አልነበረም። እኔም እንደ ልማዴ ኢንተርኔት ላይ መልስ ፈልጌ የማቀብልበት መንገድ ስለሌለ እጄን ሰበሰብኩ። ሰላም በሆነ ቀን ከተማው ውስጥ ያሉት ይመጡና ባላቸው ዕቃ ይሠሩ ነበር። ሲሳሳቱ ዝም ብዬ አየሁ። ዝም ማለት ከማስተማር ይከብዳል። ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ውድድሩም፣ ዋንጫውም፣ ኢንተርኔቱም ሲቀር፣ ሳይወሰድ የሚተርፈው ልጁ በገዛ እጁ ሠርቶ ያወቀው ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድድር ለምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከፍጥነቱ እኩል ለማብራሪያው ነጥብ ስጡ። "ይህን ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?" ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ፤ አሠልጣኙን ከአዳራሹ አስወጡት። እኔን ጨምሮ።

ወላጆችና መምህራንም፣ የልጆቹ ሮቦት ጠማማ ከሆነ ጠማማ ይሁን። ከማጥፋታችን በፊት ለምን እንደሚወዛወዝ እንጠይቃቸው።