ወፍራሙ ፊደል

ፊደል ከመነበቡ በፊት ይታያል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ቁጣውን ወይም ደስታውን ከድምፁ እንደምንረዳው ሁሉ፣ የአንድ ማስታወቂያም ጠባይ ቃሉን ሳናነብ ከፊደሉ መልክ ይታወቀናል። ቀጭን ፊደል ያንሾካሹካል፤ ወፍራም ፊደል ይጮኻል እንላለን። ለመሆኑ ወፍራም ሁሉ ጯኺ ነውን?

አይደለም ለማለት ምስክር አድርጌ የማቀርበው ኩፐር ብላክ የተባለውን የላቲን ፊደል ነው። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ መልኩን አይስተውም። የኢዚጄት አየር መንገድ ስም የተጻፈው በእርሱ ነው። ቢች ቦይስ የተባሉት ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት የ‹ፔት ሳውንድስ› ሸክላ ሽፋንም እንደዚሁ። በላቲን ፊደላት ጫፍና እግር ላይ ሰሪፍ የምትባል ትንሽ ጭረት አለች። በሌሎች ፊደሎች ዘንድ ሹል ወይም ቀጥ ያለች ስትሆን፣ በኩፐር ብላክ ግን በእጅ እንደተድቦለቦለ ሊጥ ክብ ናት። ‹ኦ› የሚባለው ፊደል ውስጡ ያለው ቀዳዳ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ከመስመር በታች የሚወርዱት ጭራዎች አጫጭር ስለሆኑ መስመሮቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ፊደሉ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ማዕዘን የለውም። የሚናገረው ጮክ ብሎ ቢሆንም ፈገግ እያለ ነው።

ይህን ፊደል የሣለው ኦስዋልድ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1879 በኦሃዮ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ትምህርቱን ትቶ በማተሚያ ቤት ተቀጠረ፤ በኋላም ወደ ቺካጎ ሄዶ ሥዕልና የፊደል አጣጣል ተማረ። ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የቺካጎ የእርሳስ ፊደል አቅላጭ ድርጅት ኩፐር ብላክን ለገበያ ያቀረበው በ1922 ነው። ወግ አጥባቂዎቹ አታሚዎች አልወደዱትም፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ግን ተሻሙበት። ከሌሎች ፊደል ሠሪዎችም ተፎካካሪዎች ተነሡበት፤ የኩፐር መምህር የነበረው ፍሬድሪክ ጉዲ እንኳ በ1925 የራሱን ወፍራም ፊደል አወጣ። ኩፐር ራሱ ፊደሉ አርቀው ለሚያዩ አታሚዎችና ቅርቡን ብቻ ለሚያዩ ደንበኞቻቸው የተሠራ ነው ብሎ ይቀልድ ነበር ይባላል።

እኔ ይህን ቀልድ እንደ ቀልድ አላየውም። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። በልጅነቴ ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነብልኝ የነበረችው እርሷ ነበረች፤ ዛሬ የማነብላት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሁሌም አንድ ነገር ለራሷ ታስቀራለች። «ርእሱን ተይልኝ፤ እሱን እኔው አነበዋለሁ» ትለኛለች። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ርእሱን ቃል በቃል ታነባለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፉን ለእኔ የምትሰጠኝ። ለእርሷ ወፍራሙ ፊደል ጩኸት አይደለም። በገዛ ዓይኗ የምትገባበት የቀራት በር ነው።

ታዲያ ይህ በር አንዳንዴ ይዘጋባታል። በእኛ ፊደል ሣልሱን ከኀምሱ የምትለየው በእግር ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ‹ዚ› ጭረት አላት፣ ‹ዜ› ቀለበት። ፊደሉ ያለ ጥንቃቄ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈናለች። እናቴ «ዜና» የሚለውን «ዚና» ብላ አንብባ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለኝ ስቀናል። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ቅር አለኝ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የዓይኗ ብቻ አልነበረም። እኔም ገጹን አስጠግቼ ሳየው ቀለበቷ አልነበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ‹ቦልድ› የምትለውን ስንጫን፣ ለፊደሉ ወፍራም መልክ ለብቻው ካልተሣለለት፣ ፕሮግራሙ መደበኛውን ወስዶ ዳር ዳሩን ያሳብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተሣለው በአንድ ውፍረት ብቻ ነበር፤ ‹ቦልድ› ሲባል ማበጡ የግድ ነው። ጉግል ባሠራቸው ኖቶ በሚባሉት ፊደሎች ግን የግዕዙ ፊደል ከቀጭኑ እስከ በጣም ወፍራሙ በየደረጃው ተሥሏል። ስለዚህ ዛሬ ችግሩ የዕቃ እጦት አይደለም፤ የመምረጥ ነው።

ማበጥና መወፈር አንድ አይደሉም። ኩፐር ፊደሉን ሲያወፍር መደበኛውን አላሳበጠም። እያንዳንዱን እንደገና አሰበው፤ የቱ ጋ ሥጋ እንደሚጨምር፣ የቱን ቀዳዳ ክፍት እንደሚተው ወሰነ። ሃያ ስድስት ሆሄ ላለው ጽሕፈት ይህን ያህል ከተደከመ፣ ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ ላለውና ልዩነቱ በአንዲት ቀለበት ላይ ለተንጠለጠለው ለእኛማ ምን ያህል ሊደከምለት ይገባ ነበር?

የመጽሔትና የጋዜጣ ገጽ የምታዘጋጁ፣ የሱቅ ታፔላ የምታጽፉ ሁሉ፣ ርእሳችሁን ስታወፍሩ ቀለበቷን እዩልኝ። ከገጹ ሁሉ ርእሱን ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው አለ፤ ያቺ ክፍት ቦታ ለእርሱ ናት።