በወንጪ አፋፍ ድንኳን ተክሎ ስለ ማደር

በኬንያና በታንዛኒያ ምድረ በዳ ድንኳን እየተከሉ የዱር አራዊትን ለመመልከት የሚደረገው ጉዞ «ሳፋሪ» ይባላል። ቃሉ የስዋሒሊ ሲሆን ጉዞ ከሚለው የዐረብ ቃል የመጣ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን «ሰፈር» ከሚለው ጋራ ይቀራረባል። የሩቅ አገር ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚሻው የድንኳን አዳር ለኢትዮጵያ መኳንንትና ወይዛዝርት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነገሥታቱ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበረና።

ይህን የአባቶች ልማድ ከቤተ ሰቡ ጋራ ሊቀምስ ለሚወድ ሰው ወንጪን እናመለክታለን። መንገዱ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አልፎ፥ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አምቦ ያደርሳል። ከግንጪ በስተሰሜን ጉሬዛ የሚዘልበት የጭልሞ ደን አለ፤ ጊዜ ያለው ሰው ሳያየው ባያልፍ ይሻላል። በአምቦ ፍል ውሃ ታጥቦ፥ ምሳ በልቶ፥ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን መውጣት ነው።

ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ አፉ ተደርምሶ ውሃ የሞላበት ሐይቅ ነው። የአፋፉ ከፍተኛ ቦታ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለ፤ በዙሪያው ገብስና እንሰት ይበቅላል። አንበሳና ዝሆን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ያዝናል፤ በሌሊት የሚሰማው የጅብ ድምፅ ብቻ ነውና። ልጆች ስለ ጅቡ ሲጠይቁ ያድራሉ፤ ይህም ከትምህርት ይቆጠራል።

ብርዱን መናቅ አይገባም። ጋቢ ብቻ አይበቃም፤ በርኖስና ወፍራም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ድንኳኑ ከነፋስ ዞር ባለ ስፍራ ይተከል፤ ካስማው ጠለቅ ብሎ ይመታ። ለእሳቱ የሚሆነው ማገዶ ከገበሬው የተገዛ ባሕር ዛፍ ይሁን እንጂ ከአገር በቀሉ ጥድና ኮሶ አንዲት ጭራሮ እንኳ አይሰበር።

እኛ በሄድንበት ጊዜ ወደ ሐይቁ ያወረዱን አንድ ሽማግሌ ባለፈረስ ነበሩ። «አባቴ፥ ይህን ቁልቁለት ማን ያርሰዋል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እንግዳ ሲጠፋ እኔው አርሰዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ፈረሱ ያበላኛል» አሉን። ነገሩ እጅግ አሳሰበን። ቁልቁለቱ በታረሰ ቁጥር ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ለፈረሱ የሚከፈለው ገንዘብ ለውሃውም ጭምር የሚከፈል ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው። «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራም ያማረ ማረፊያ ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን እንግዳው ሁሉ በአቶሞቢል ከደጅ እስከ ደጅ ገብቶ፥ በመስኮት አይቶ ቢመለስ፥ ባለፈረሱና ባለጀልባው ምን ይበላሉ? ስለዚህ በማረፊያው የሚያድረውም ቢሆን ከአቶሞቢሉ ወርዶ ፈረስ ይከራይ፤ ዋጋውን ከመነሣቱ በፊት ይነጋገር፤ ከተነጋገረም በኋላ አይጨቃጨቅ።

ከመውጣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከወረዳው አስተዳደር መጠየቅ ያስፈልጋል። ድንኳን የሚተከልበትንም መሬት ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መያዝ ነውር ነው፤ ባዶ የሚመስለው ሣር የሰው ከብት ግጦሽ ነውና።

በማግሥቱ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ሐይቁን ሸፍኖት ቈየ። ልጆቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ጠበቁ፤ ጭጋጉ ሲገለጥ መጀመሪያ የታየችው ደሴቲቱ ነበረች። የተረፈንን ማገዶ ለመሬቱ ባለቤት ትተን ወደ ጀልባው ወረድን።