የእማዬ ክኒንና የጎታው ቤተ መንግሥት

የዛሬው ጉዳይ ከምርመራ ክፍል ሳይሆን ከቤቴ የመጣ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናት ወይም አባት ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኅቴ በጀርመን አገር ኤርፉርት በምትባል ከተማ ትኖራለች። በሚመጣው ወር እኔና እማዬ ከመካነ ሰላም ተነስተን ለ6 ቀን ልንጠይቃት ነው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት ከተገኘባት 11 ዓመት አልፏታል፤ በየቀኑ ጠዋት አምሎዲፒንና አንድ የሽንት ክኒን ትወስዳለች።

ዕቅዱን ያወጣችው እኅቴ ናት። ከቦሌ በቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ በባቡር ኤርፉርት። መጀመሪያ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ከተማዋን ማየት። በ4ኛው ቀን ደግሞ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው ጎታ ሄደን ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት መጎብኘት። ስሙ "የሰላም ድንጋይ" እንደማለት ነው ብላት እማዬ ሳቀች። "ከመካነ ሰላም ወደ ሰላም ድንጋይ! ይሁን እስቲ።"

ቤተ መንግሥቱን የመረጥነው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን እዚያ በእንግድነት ተቀምጠው ነበር። የተወለዱት መካነ ሥላሴ ነው። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የእኛዋ መካነ ሰላም አይደለችም፤ ግን እሷም በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ የነበረች ናት። የኤርፉርቱ ተወላጅ ኢዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ አግኝቷቸው ቋንቋችንን ከእሳቸው ተማረ። ኋላም የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጋበዟቸው። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም፣ ከእኚህ የአገራችን ሰው የቀሰመውን ይዞ ነው።

ይህን ሳጫውታት እማዬ በጥሞና ሰማችኝና "ኋላስ አገራቸው ገቡ?" አለችኝ።

አልገቡም። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ።

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። ትንሽ ቆይታ "የእኛንስ መመለሻ አስበሽዋል ልጄ?" አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላሰብኩበትም ነበር። የእማዬን ክኒን የቆጠርኩት ለ6ቱ የጀርመን ቀናት ብቻ ነበር። ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ ያለውን መንገድ፣ አዲስ አበባ የምናድርባቸውን ቀናት፣ በረራ ቢሰረዝ ወይም መንገድ ቢዘጋ የሚጨመረውን ረስቼዋለሁ። ያውም ካለፈው ዓመት በኋላ!

አምና በደሴ በኩል አዲስ አበባ ሄደን ነበር። እንደደረስን ራሷን በጣም አመማት። ስለካት 196 በ112! የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ የእጅና የእግር መዛል እንደሌለባት አረጋገጥኩ። "መድኃኒትሽን ወስደሻል?" አልኳት። "ወስጃለሁ፣ አብሽሪ" አለችኝ። ማታ ቦርሳዋን ስከፍት አምሎዲፒኑ ጎድሏል፤ የሽንት ክኒኑ ግን የ4 ቀኑ እንዳለ ተቀምጧል።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። "መኪናው ለእኔ ብሎ አይቆምም። ወንዱ መንገድ ዳር ይቆማል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ልሂድ?" ክኒኑን ከመነሳታችን በፊት ጀምራ ነበር የተወችው። ውኃም አልጠጣችም።

በቀን ስንቱን ታካሚ "መድኃኒትዎን በትክክል ይውሰዱ" እላለሁ። የገዛ እናቴን ግን መድኃኒቱ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያስቸግራት ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አሁን ዕቅዱን እንደገና ጽፈነዋል፦

✅ መድኃኒቱ የሚቆጠረው ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ ነው። ጉዞው በጠቅላላ 12 ቀን ይፈጃል፤ የያዝነው የ30 ቀን ነው። ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ይገባል እንጂ ለሻንጣ አይሰጥም። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የሐኪም ደብዳቤም አብሮ አለ።

✅ የሽንት ክኒን በገዛ ፈቃድ አይቋረጥም። የሚወሰድበትን ሰዓት ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከመነሳታችን በፊት ሹፌሩንና ረዳቱን መጸዳጃ ያለበት ቦታ እንዲያቆሙልን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አውሮፕላን ላይ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር መርጠንላታል። ያመለጠ ክኒን ካለም ለማካካስ ብላችሁ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትውሰዱ።

✅ በረራው 7 ሰዓት ገደማ ነው። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዘዋወር፣ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት የደም መርጋት የነበረበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የካንሰር ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ቶሎ ወደ ሕክምና!

✅ የኤርፉርት ካቴድራል 70 ደረጃ አለው፤ የጎታው ቤተ መንግሥትም ከከተማው ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ብቻ፣ በመሃል ቁጭ እያልን።

✅ እማዬ ለእኅቴ ንጥር ቅቤ አዘጋጅታ ነበር። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቅቤና ሥጋ በሻንጣ ማስገባት ስለማይፈቀድ ቀርቷል። ቅር ብሏታል፤ ዳቦ ቆሎና በርበሬ ተክቶታል።

✅ ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል። ስትገዙ ቀድሞ የነበረ ሕመም ድንገት ቢብስ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ድንገት ከታየ ጀርመን ውስጥ ወደ 112 ይደወላል፤ ቁጥሩን እማዬም ይዛዋለች።

ትናንት ማታ እማዬ ክኒኖቹን ራሷ ቆጥራ በሁለት ትናንሽ ከረጢት ከፈለቻቸው። አንዱን "መሄጃ"፣ ሌላውን "መመለሻ" ብላዋለች። የመመለሻው ይበልጣል።

እናንተም ዛሬ ለወላጆቻችሁ ስትደውሉ "መድኃኒትሽን ወስደሻል?" ብላችሁ ብቻ አታብቁ። "መውሰድ የሚያስቸግርሽ መቼ ነው?" በሏቸው። መልሱን ታግሳችሁ ስሙ፤ አፍረው የደበቁት ነገር ሊኖር ይችላል።

መንገደኛን ሁሉ በሰላም ለቤቱ ያብቃልን። ጤናችሁ ይብዛ! 🙏