ከጀመረች በኋላ ማን ያማክራት?



ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። እኛም በዚህ አካባቢ ቀን በትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ ስለምናስተምር፣ የዱንያውም የዲኑም ጥያቄ ይቀርብልናል። ከእነዚህም አንዱ የቤተሰብ ምጣኔ ጉዳይ ነው። ብዙው ሰው የሚጠይቀን «ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ከተጀመረ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለ መጀመሪያው ዑለማዎች ብዙ ብለዋል። ሰሓቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐዝል (ከማህፀን ውጭ ማፍሰስ) ያደርጉ እንደነበርና እንዳልተከለከሉ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙዎቹ የፊቅህ ሊቃውንትም የሚስት ፈቃድ እንዲኖርበት ጠይቀዋል። ከዚህ ተነስተው በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ባልና ሚስት ተመካክረው በጊዜያዊ ዘዴ ልጆችን ማራራቅን ይፈቅዳሉ።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። አንዲት የአራት ልጆች እናት የሦስት ወሩን መርፌ ከጀመረች ወዲህ ደም ብቅ ጥልቅ እያለ አስቸገራት። ጤና ባለሙያ ዘንድ ብትሄድ «ይለመዳል» ተብላ ተመለሰች። ረመዳን ገባ። ትስገድ ወይስ ትተው? ትጹም ወይስ ትፍታ? ይህን ለባለሙያው መንገር አሳፈራት፤ ሸሁን መጠየቅም አሳፈራት። በመጨረሻ ለባሏ እንኳ ሳትነግር መርፌውን ተወችው። ባሏ ሊያማክረን ሲመጣ ታናሹ ልጅ ገና ጡት አልጣለም፤ እሷ ግን እንደገና አርግዛለች።

ይህች እናት ብቻዋን አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከጀመሩ 100 ሴቶች 35 ያህሉ በ12 ወር ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። መውለድ ፈልገው የተዉ አሉ፤ እሰየው! የጎንዮሽ ጉዳት አስጨንቋቸው የተዉ ግን ምክር አጥተው የቀሩ ናቸው።

ታዲያ ደህና ምክር ምን ይመስላል? ባለሙያው ከመውጋቱ በፊት እውነቱን ይንገራት። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ወራት የደሙን ሥርዓት ያዛባል፤ ሲቆይም ደሙ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። የቆመውም ደም ሆድ ውስጥ አይጠራቀምም። መርፌው ከተተወ በኋላ እርግዝና ለወራት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ቶሎ ልጅ የምትፈልግ ሴት ሌላ ዘዴ ትምረጥ። ደሙ ከበዛ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ላስወጣ ስትልም «ጊዜው አልደረሰም» ተብላ አትመለስ። በቆላው ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሯ የመጣች እናት ናት! ምክር አማና ነው፤ አማናም አይጎድልም።

የዲኑን በኩል ደግሞ እኛ የመድረሳ ሰዎች እንሸከመው። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ብሏት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቀች ጊዜ፣ ያ ደም ሐይድ እንዳልሆነና ሶላቷን መተው እንደሌለባት አስተምረዋታል። የሐይድ ረጅሙ ጊዜ በሐነፊ መዝሀብ 10፣ በሻፊዒ 15 ቀን ነው። ከዚያ ያለፈው እንደየልማዷ ተለይቶ ኢስቲሓዷ ይሆናል። ኢስቲሓዷ ያለባት ሴት የሐይዷ ቀን ሲያበቃ ትታጠባለች፤ ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ ትጾማለችም። ስለዚህ እህቶች ሆይ! ደም ያያችሁበትንና የቆመበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ያው ወረቀት ለባለሙያውም ለሸሁም ያገለግላል። ራሳችሁ መጠየቅ ካሳፈራችሁ የሸሁን ባለቤት ላኩ።

ባሎችም የቀጠሮውን ቀን እወቁ፤ «እንዴት ሆንሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁርኣን ልጅን ጡት ማስጣልን እንኳ በባልና ሚስት መዋደድና መመካከር አስሮታል። ጤና ባለሙያዎችና ሸሆች በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቢመካከሩ፣ ያቺ እናት በሁለት በር መካከል ቆማ ባልቀረች ነበር። በየቀበሌው እንዲህ ያለ መቀራረብ እንዲጀመር አደራ እንላለን።

አላህ ያግራልን። ወሏሁ አዕለም።