ጌጤ ዋሚ፦ የጫጫዋ ልጅ እና የ35 ቀናቱ ሥራ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸኖን አልፎ ጫጫን ያገኛል። ከጫጫ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር። ጣርማ በር ላይ ደጋው ያልቃል። መንገዱ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው በዚያ አፋፍ ላይ፣ ጭጋግና ብርድ ባለበት፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንሽ ፈጠን ብሎ ከተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአገሬው ልጅ ግን በሩጫ ከብት ይመልስበታል።

ይህ ደጋ ለዓለም ሯጭ ሲያወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አበበ ቢቂላ የተወለደው ጃቶ ነው፣ በዚሁ በሰሜን ሸዋ። አበበን የማያውቅ የለም። ጌጤ ዋሚ ግን ከጫጫ ናት፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 የተወለደች። (ከዚህ በታች ያሉት የውድድር ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሟን የሚያውቅ ሞልቷል። የሠራችውን በቅጡ የሚዘረዝር ግን ጥቂት ነው።

እንዘርዝረው።

በ1996 ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት በአትላንታ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወሰደች፤ ወርቁ የፖርቹጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮ፣ ብሩ የቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ነበር። በ1999 ቤልፋስት ላይ እንደገና የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት ክረምት በሴቪል የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ የእሷ ሆነ። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ከፊት ሆና ስትጎትት ቆይታ፣ በመጨረሻው ዙር ጌጤ አልፋት ሄደች። ሰዓቷ 30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ፣ በወቅቱ የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን ነበር።

ከዚያ ሲድኒ 2000 መጣ። ስለዚያ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የደራርቱ ቱሉን የመጨረሻ ዙር ነው። ይገባታልም። ደራርቱ ከባርሴሎና ስምንት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ወርቋን ያገኘችበት ሩጫ ነው። ነገር ግን ከደራርቱ ኋላ የተደረገው ፍልሚያም የራሱ ታሪክ አለው። ጌጤ 30 ደቂቃ ከ22.48 ሰከንድ ገብታ ብር ወሰደች። 3ኛ የወጣችው ሪቤሮ 30 ደቂቃ ከ22.88 ነበረች። አትላንታ ላይ ወርቅ የወሰደችባትን ሴት በ40 መቶኛ ሰከንድ ቀደመቻት ማለት ነው። በዚያው ኦሎምፒክ በ5 ሺህ ሜትርም ነሐስ ጨመረች። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለት ሜዳሊያ ይዞ መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬ እና ጌጤ የ10 ሺህ ሜትሩን ሜዳሊያ ሦስቱም ተካፈሉት። በዚያው ዓመት ቤልጅየም ኦስተንድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ፣ በረጅሙ ርቀት ራድክሊፍ 1ኛ ጌጤ 2ኛ፣ በአጭሩ ርቀት ደግሞ ጌጤ 1ኛ ራድክሊፍ 2ኛ ሆኑ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሴቶች ቦታ ተቀያየሩ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል። ጌጤ የሮጠችው በከባድ ዘመን ነው። ከፊቷ ደራርቱ፣ ከጎኗ ብርሃኔ አደሬ፣ ከውጭ ራድክሊፍ፣ ሶንያ ኦሱሊቫን፣ ጋብርኤላ ሳቦ። በሌላ ዘመን ብትወለድ የወርቁ ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር። እኛ ደግሞ ወርቅ ብቻ የምንቆጥር ሕዝብ ነን። አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዘን የምንወጣው ለ1ኛው ነው። 2ኛ የወጣው በዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ያጨበጭባል። አራት ዓመት ሙሉ በብርድ የተሠራ ሥራ “ብር ብቻ” ተብሎ ሲያልፍ ነውሩ የሯጩ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሊወራ የሚገባው ግን ከትራክ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ሰው የአትሌትን ሕይወት እንደ በዓል ያያል፤ ባንዲራ፣ መዝሙር፣ እንባ። አትሌቲክስ ግን ሥራ ነው። ጉልበት እስካለ ብቻ የሚሠራ ሥራ። ጌጤ ይህን አሳምራ የተረዳች ይመስላል። በ2002 አምስተርዳም ላይ ወደ ማራቶን ገባች፤ የመጀመሪያዋን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች። ከዚያ ወለደች። ከወሊድ ተመልሳም በ2006 በርሊንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አሸነፈች።

በዚያ ዓመት አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒውዮርክ ተባብረው የሁለት ዓመት የነጥብ ውድድር አቋቋሙ። 1ኛ 25 ነጥብ፣ 2ኛ 15፣ 3ኛ 10። በመጨረሻ ብዙ ነጥብ ያላት ሴት 500 ሺህ ዶላር ትወስዳለች፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ። ለ2ኛ ግን ከዚህ ገንዘብ ምንም የለም።

ሒሳቡን ተመልከቱት። ጌጤ በርሊን 2006 ላይ 25፣ ለንደን 2007 ላይ 2ኛ ወጥታ 15 ይዛ 40 ነጥብ ነበራት። የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነበራት። ጌጤ መስከረም 30 ቀን 2007 በርሊንን ደግማ አሸንፋ 65 ደረሰች። ግን አላለቀም። ፕሮኮፕቹካ ኅዳር 4 ቀን ኒውዮርክ ላይ ትሮጣለች፤ ካሸነፈች 80 ትሆናለች። ጌጤ ቤቷ ተቀምጣ ዕድሏን መጠበቅ፣ ወይም በ35 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ማራቶን መሮጥ ነበረባት።

ማራቶን የሮጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። 42 ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት የሮጠ ጡንቻ ለማገገም ሳምንታት ይፈጃል፤ ትልልቆቹ ሯጮች በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ጌጤ 33ኛ ዓመቷን ልትይዝ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሄደች፣ ሮጠች።

ኒውዮርክ ላይ የጠበቀቻት ደግሞ ያቺው ራድክሊፍ ናት፤ እሷም ወልዳ የተመለሰች። ሁለቱ ሌላውን ሁሉ ጥለው ለብቻቸው ሄዱ። ጌጤ ከራድክሊፍ ትከሻ ኋላ ተጣብቃ ቆየች። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ መጨረሻው ሲቃረብ ሞከረቻት፣ ራድክሊፍ መልሳ ወጣችባት። በ23 ሰከንድ ተቀደመች። ፕሮኮፕቹካ 3ኛ ወጣች። ድምሩ 80 ለ65። ግማሽ ሚሊዮኑ ዶላር የጌጤ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በሕይወቷ ትልቁን ገንዘብ ያገኘችው 2ኛ ወጥታ ነው። ያ ሁሉ ሰው “ብር ብቻ” የሚለው 2ኛነት፣ በትክክለኛ ሚዛን ሲመዘን የሁለት ዓመቱን ሻምፒዮንነት አመጣ። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ መጠጥ ማንሻው ጋ ወድቃ፣ ተነስታ፣ 3ኛ ገብታለች። ሙያ ማለት ይሄ ነው። ሲሳካም ሳይሳካም ሥራን መጨረስ።

ታዲያ ይህ የዛሬ ጉዳይ የሚሆነው ለምንድን ነው? የሯጭ የሥራ ቦታ መንገድ ስለሆነ ነው። ሸማኔ ጉድጓድ አለው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ማሽን አለው። ሯጭ ያላት ጎህ ሲቀድ የሚወጣበት ዳገትና አስፋልት ብቻ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። የጣርማ በር ስም በዜና የሚነሳው መንገዱ ተዘጋ ወይም ተከፈተ ሲባል ነው። ነጋዴው የሚቆጥረው የተበላሸ ጭነት አለው፤ ገበሬው የሚቆጥረው ያልመጣ ማዳበሪያ አለው። ለልምምድ ጎህ ሲቀድ ከቤት መውጣት የፈራች የ15 ዓመት ልጅ ያጣችውን ግን ማንም አይቆጥረውም። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው። የጠፋው ሁለት ዓመት በኋላ አይተካም።

ከፍታው ብቻ ሯጭ ያወጣል የሚል ካለ ይሳሳታል። የአንዲስም የቲቤትም ደጋ ከፍ ያለ ነው፤ የ10 ሺህ ሜትር ሜዳሊያ ግን በብዛት ወደዚያ አይሄድም። ከፍታ ላይ ውድድር፣ አሠልጣኝ፣ ክለብ፣ ከፊት የሚሮጥ ምሳሌ እና ሰላም ያለበት መንገድ ሲጨመር ነው ሯጭ የሚወጣው። አየሩን እግዚአብሔር ሰጥቷል። የቀረው የሰው ሥራ ነው።

ጌጤ ከሩጫ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። ሜዳሊያዎቿን ለማክበር ሐውልት ማቆም አያስፈልግም። የጫጫና የጣርማ በር ሴት ልጆች ታሪኳን ከነሒሳቡ ቢሰሙት፣ ማለዳም ወጥተው በሰላም ቢመለሱ፣ ለእሷ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።