ኮድ ቅኔ አይደለም

ቅኔ ላይ ማሳጠርና መሰወር ሙያ ነው። ወርቁ ቶሎ ከተገኘ ባለቅኔው ራሱ ቅር ይለዋል። ኮድ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድም ይህ ጠባይ አለ፤ አሥር መስመር የሚፈጀውን በአንድ መስመር ለቋጠረ ይጨበጨብለታል፣ ባልገባው ይሳቃል። ነገር ግን የቅኔው ወርቅ ሳይገኝ ቢቀር የሚጎዳ የለም። ኮዱ የሰው ገንዘብና ምስጢር ተሸክሟል።

አፕልን ያየ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ኩባንያው ለአይፎን አስቸኳይ ማስተካከያ ለቀቀ። ጥፋቱ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ጎቱ ፌይል» የምትል፣ ማጣራቱ ካልተሳካ ወደ መውጫው ዝለል የምትል ትእዛዝ፣ ሁለት ጊዜ ተደግማ ተጽፋለች። በሲ ቋንቋ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ሥር ያለው ትእዛዝ አንድ ብቻ ከሆነ ቅንፉን መተው ይፈቀዳል። እዚህም ተትቷል። ቅንፍ ከሌለ ደግሞ ቅድመ ሁኔታው የሚገዛው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋ ምንም ይሁን ምን ትፈጸማለች። ሁለቱም እኩል ገባ ብለው ስለተጻፉ ግን ለዓይን አንድ ሥር ያሉ ይመስላሉ። ውጤቱ? የፊርማ ማረጋገጫው ይዘለላል፤ ፕሮግራሙም እስከዚያ ስህተት ስላላገኘ «ሁሉ ደህና» ብሎ ያሳልፋል። በካፌ ዋይፋይ የባንኩን ገጽ የከፈተ ሰው፣ መሃል የገባ አጭበርባሪ ባንኩን ቢመስልበት ስልኩ አይነቃም ነበር። ክፍተቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። ሁለቱ ትእዛዞች በቅንፍ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ድግግሞሹ ማንንም ባልጎዳ። የተቆጠበው ሁለት ምልክት ነው!

እዳውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው አይደለም። እሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄዷል። ሌሊት ሰባት ሰዓት «ክፍያ ቆሟል» ተብሎ የሚቀሰቀሰው ተረኛ ነው ያንን የተቋጠረ መስመር የሚፈታው፤ እንቅልፍ ባጣ ዓይን፣ አለቃው ስልክ ላይ እየጠበቀ።

ብልሃት ይቅር ማለት አይደለም። በ1999 የወጣው ኩዌክ 3 የተባለው ጨዋታ የብርሃንን ነጸብራቅ ለማስላት አንድ እንግዳ ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ በዘመኑ ኮምፒውተር ማካፈል ዝግተኛ ነበርና ፍጥነቱ ልፋቱን ያስቆጭ አልነበረም። ኮዱ በ2005 ለሕዝብ ሲከፈት ግን ከመስመሩ ጎን የተገኘው ማስታወሻ ማብራሪያ ሳይሆን በስድብ የታጀበ የመገረም ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ማን እንደመረጠው፣ ለምንስ እንደሚሠራ ለማወቅ ሰዎች ዓመታት ቆፍረዋል።